ከአጥር ሽቦ የተሠራ ጥሩር

ከአንድ ሜትር የአጥር ሽቦ 33 ያህል ቀለበት ይወጣል። ሽቦው 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት 8 ሚሊ ሜትር በሆነ የብረት ዘንግ ላይ ከተጠመጠመ፣ እያንዳንዱ ቀለበት ግማሽ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ መዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት መኖሩም አይታወቅ። እስከ ጭን የሚወርድ፣ እጅጌው ክርን ላይ የሚያበቃ ጥሩር ለመሥራት ግን እንዲህ ያለ ቀለበት 20,000 ገደማ ያስፈልጋል። ይኸውም 600 ሜትር ሽቦ፣ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ብረት ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ዋሽንግተን ዲሲ መሃል፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ነበር። ጨርሼ ብቻዬን ስስቅ አብረውኝ የሚሠሩት አዛውንት "ምነው፣ ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?" አሉኝ።

ሥራውን ያመጣችብኝ የእህቴ ልጅ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች፣ ያኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረች። ከአናፖሊስ ብዙም በማትርቀው ክራውንስቪል፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች የሜሪላንድ ሬኔሳንስ ፌስቲቫል ይካሄዳል። ጫካ ውስጥ የእንጨት ቤቶች ተሠርተው፣ ሬቭል ግሮቭ የሚባል የእንግሊዝ መንደር ተቋቁሞ፣ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከነአጀቡ ሲንጎራደድ ይውላል። ሕዝቡም የዘመኑን ልብስ ለብሶ፣ ክንድ የሚያክል የቱርክ ዶሮ እግር እየጋጠ ይዞራል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር አንዴ ሄዳ አየችና ልቧ እዚያው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ጦረኛ ሆኜ ካልሄድኩ አለች። እናቷ "ልዕልት ብትሆኚ ምን ይልሻል? ቀሚሱን እኔ እገዛልሻለሁ" ብትላት "ልዕልት ሁሉም ሰው ይሆናል" ብላ መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ጋሼ፣ አንተ እጅህ ሁሉን ይችላል አይደል?" አለችኝ። እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል አጎት ካለ አላየሁም።

ስለዚህ ዓይነቱ ፌስቲቫል ያኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። በኋላ እንደተረዳሁት የመጀመሪያውን ያዘጋጁት እ.ኤ.አ. በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፊሊስ ፓተርሰን የምትባል መምህርትና ባሏ ሮን ናቸው፤ የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ገቢ ማሰባሰቢያ ነበር። የሜሪላንዱ በ1977 ተጀምሮ ክራውንስቪል የገባው በ1985 ነው። ታሪክ ለሚወድ ሰው ቦታው ፈገግ ያሰኛል። በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን መኳንንቱ የሚለብሱት ከአንገት እስከ ጥፍር ገጣጥሞ የሚሸፍን የብረት ሰሌዳ ነበር፤ የቀለበት ጥሩር የገነነው ከዚያ አስቀድሞ ባሉት ብዙ መቶ ዓመታት ነው። እርግጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመንም ጨርሶ አልጠፋም። የጀርመን ቅጥር ወታደሮች በትከሻቸው ላይ እንደ ካባ ጣል ያደርጉት ነበር፤ ሰሌዳው የማይደርስበትን ብብትና ጉልበትም የሚሸፍነው እርሱ ነበር። ይህን አንብቤ ለልጅቱ ባስረዳት "ጋሼ፣ እዚያ ክንፍ ቀጥለው የሚመጡም አሉ" አለችኝ። ተከራክሬ አልጨረስኩም።

ሽቦውን ያገኘሁት የገበሬ ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር ነው፤ ለከብት አጥር የሚሆን፣ ዝገት እንዳይዘው ዚንክ የተቀባ ጥቅል። ዘንጉን በሁለት እንጨት ላይ አጋድሜ፣ ጫፉን ድሪል ላይ አስሬ፣ ሽቦውን በጓንት እየመራሁ አስጠመጥማለሁ። ረጅም ስፕሪንግ ይወጣል። ስፕሪንጉ በሽቦ መቁረጫ ከጎን ሲቆረጥ ቀለበቶቹ እየተንጣጡ ይወድቃሉ። በመጋዝ ቢቆረጥ ጫፉ ልሙጥ ይሆናል፤ ነገር ግን መጋዙ ጊዜ ይፈጃል፣ የመጣደፍ ነገር ደግሞ ከእኔ ቤት አይጠፋም። ዚንክ የተቀባ ሽቦ እሳት ውስጥ እንደማይገባ እዚህ ላይ ልናገር። ጭሱን የሳበ ሰው በዚያው ቀን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይይዘዋል።

አሠራሩን በቃል ለማስረዳት ያስቸግራል፣ በእጅ ግን ቀላል ነው። አራት ዝግ ቀለበቶችን በአንድ ክፍት ቀለበት ትሰበስባለህ፣ ክፍቱን ትዘጋለህ። ቀጥሎ ያለው ክፍት ቀለበት ከእነዚያ ሁለቱን ይዞ ሁለት አዲስ ይጨምራል። እንዲህ እያለ ረድፍ ይሆናል፤ ረድፍ ከረድፍ ይያያዛል፤ መሃል ላይ ያለ ማናቸውም ቀለበት ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች አራት ጎረቤት ይኖረዋል። ዋናው ሙያ መክፈትና መዝጋቱ ላይ ነው። ቀለበቱን በሁለት ፒንሳ ግራና ቀኝ ትይዝና አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ትገፋለህ እንጂ ወደ ጎን አትበረግደውም፤ ከበረገድከው ክብነቱ ሄደ። ስትዘጋው ደግሞ ጫፎቹን ትንሽ አሳልፈህ ትመልሳለህ፤ ሽቦ የለመደውን ቅርጽ ቶሎ አይለቅምና። ሁለቱ ጫፎች ሲፋተጉ "ቀጭ" የምትል ነገር ጣት ላይ ትሰማለች። ከጆሮ ይልቅ ጣት ነው የሚሰማት። እርሷ ካልተሰማች ቀለበቱ አልተዘጋም፤ ነገ ፀጉር ይነጭበታል፣ ከነገ ወዲያ ጎረቤቱ ሾልኮ ይወጣበታል።

አቅጣጫም አለው። ጨርቁ በአንድ በኩል ሲሳብ ይለጠጣል፣ በሌላ በኩል ሲሳብ እርስ በርሱ ይጠጋጋል። ጥሩር በገዛ ክብደቱ ሲወርድ ሰውነት ላይ የሚሰበሰበው በትክክለኛው በኩል ከተሠራ ነው። ተገልብጦ ከተሠራ የለበሰውን ሰው ጆንያ ያስመስለዋል።

አብዛኛውን ሥራ የሠራሁት እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ቡዝ ላይ ተቀምጬ ነው። ያኔ በዲሲ ፓርኪንጎች ውስጥ አበሻ ያልተቀመጠበት ቡዝ መፈለግ ይቀል ነበር። የሕግ ምሩቅ፣ የቀድሞ መምህር፣ የመቶ አለቃ፣ ሁሉም መስታወት ውስጥ ቁጭ ብሎ ቲኬት ይቆርጣል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መኪናው ይሳሳል፤ የሚያነብ ያነባል፣ የሚያንቀላፋ ያንቀላፋል። እኔ በቡና ጣሳ ቀለበት ይዤ እመጣለሁ። ዚንኩ ጣቴን ስለሚያጠቁረው ደረሰኝ ስሰጥ አሻራዬ አብሮ ይሄዳል። አንድ ዘወትር አምሽታ የምትወጣ ጠበቃ መኪናዋን አቁማ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የብረት ልብስ ነው ስላት ቡዙን፣ ፒንሳውን፣ እኔን በየተራ አየችና "ይህ መሥሪያ ቤት ያን ያህል አደገኛ ነው?" ብላኝ ሄደች።

አዛውንቱ የሥራ ባልደረባዬ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ አካባቢ አላማራቸውም። "አንተ ልጅ፣ ዳዊት እንኳ የሳኦልን ጥሩር አውልቆ ነው ለጎልያድ የሄደው። ያ 5,000 ሰቅል የሚመዝን ጥሩር የለበሰው ምን ሆነ? በጠጠር ተደፋ" ይሉኛል። ቆይተው ግን አንድ ምሽት "እስቲ ያን ጉጠት ወዲህ በለው" ብለው ፒንሳዬን ወሰዱ። ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው የታመነ ነበር፤ መቁጠሪያ የለመደ እጅ ነዋ። ከዚያ በኋላ የግራው እጅጌ የእርሳቸው ሆነ። የኔን ረድፍ እያገላበጡ ያልተዘጋ ቀለበት ሲያገኙ ሳል ሳል ይላሉ እንጂ አይናገሩም።

እህቴ እስከ መጨረሻው አልተዋጠላትም። ታላቄ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። "በዚህ ሰዓት ሁለተኛ ሥራ ብትይዝ ኖሮ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ትቆጥብ ነበር" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። የበለጠ የቆረቆራት ግን ሌላ ነገር ነበር። እኛ ቤት፣ ጎንደር፣ ብረት የሚነካ ሰው ወሬው ጥሩ አልነበረም።

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ቤተ እስራኤል የሚኖሩባት መንደር ነበረች፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። አጎቴ ክረምት ከመግባቱ በፊት ማረሻና ማጭዱን የሚያስመታው እዚያ ነበር። ሲሄድ እኔን ያስከትለኛል። መንገድ ላይ ትእዛዝ አለ፦ የሰጡህን አትብላ፣ ዓይኑን ትክ ብለህ አትይ፣ ስምህን አትንገር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ተብሎ የታመነበት አገር ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። እኔ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ የጅብ ምልክት እፈልግበት ነበር።

ያየሁት ግን የሚሠራ ሰው ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ወናፍ በሁለት እጁ እየነፋለት፣ ከሰሉ ሲፈካ ፊቱ ብቻ ይታያል። አንድ ቀን ለበቅሎ ልጓም የሚሆን ቀለበት ሲሠራ ደረስን። ቀጭን የብረት ዘንግ አግሎ፣ በመስፉ ጫፍ ላይ አጠፈው፤ አዞረና እንደገና አጠፈው። ሁለቱ ጫፎች ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው አቆመ። ቀለበቱን በጉጠት ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ከዚያ መልሶ አስቀምጦ አንድ ጊዜ ብቻ መታው። አንድ ጊዜ። ገጠመ። ውኃ ውስጥ ሲከተው "ጭስስ" አለ። ወደ እኔ ወረወረልኝና ያዝኩት፤ ለብ ያለ ነበር። የተጋጠመበትን ቦታ በጥፍሬ ፈለግሁት፣ አጣሁት። አጎቴ ቀልጠፍ ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ።

ሒሳቡ ከእጅ ወደ እጅ አልተሰጠም። አጎቴ ገንዘቡን ድንጋይ ላይ አኖረው፣ ሰውዬው ከዚያ አነሣው። ለብዙ ዘመን ይህ የኛ ንቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ሳነብ ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው በንጽሕና ሕጋቸው ከእኛ ንክኪ ይጠበቁ እንደነበር፣ ከእኛ ጋር የተነካካ ሰው ታጥቦ እንደሚገባ ተረዳሁ። እኛ እንፈራቸዋለን፣ እነርሱ ይጸየፉናል፤ ማረሻው ግን በመካከል ይመላለሳል። አገሩ በሙሉ የሚበላው እነዚህ ሰዎች በሳሉት ማረሻ ታርሶ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ወለቃ መንገድ ላይ ለነበረው አጎቴ አልደረሰውም ማለት ነው።

በቡዝ ውስጥ በየቀለበቱ "ቀጭ" ስትል የምትመጣብኝ ያቺ አንዲት ምት ናት። እኔ በሁለት ፒንሳ እየተወዛወዝኩ የምገጥመውን እርሱ በአንድ ምት ገጠመው።

ቀለበቱ ተሠርቶ ጨርቅ ሲሆን ልብስ ማድረጉ ሌላ ሥራ ነው። ደረትና ጀርባውን ለየብቻ ሠርቼ በትከሻ አጋጠምኳቸው። እጅጌው ግን ዝም ብሎ ከተገጠመ ክንድ አያነሣም፤ ብብቱ ውስጥ ረድፉ ሌላ አቅጣጫ መያዝ አለበት። ከጠቅላላው ሥራ የከፋው ይህ ነው። ሲያልቅ ጥሩሩ እንደ ጤፍ ከእጅ ያመልጣል፤ አንዱን ጫፍ ስትይዘው ሌላው ወለል ላይ ተዘርግፎ ታገኘዋለህ።

ከሥሩ የሚለበስ ነገር ያስፈልግ ነበር። ጥሩር የስለት መከላከያ እንጂ ዱላን አይመልስም፤ የጥንት ወታደሮች ከሥሩ ብዙ ድርብ በፍታ ተደራርቦ የተሰፋ ወፍራም ልብስ ይለብሱ ነበር። ይህን እራት ላይ ሳወራ እትዬ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ሻንጣ ሲከፈት ተሰማ። እናታችን ከላከችላት ጋቢዎች አንዱን፣ ጫፉ ያለቀውን፣ ይዛ መጣች። "ድርብ ካላችሁ ይኸው አራት ድርብ። ብረት ገላዋን ነክቶ ከምትታመምብኝ" አለች። ቆርጣ፣ በእጇ ጠቅጥቃ ሰፋችው። ለዚያ ሥራ ከዚያ የሚሻል ጨርቅ አሜሪካ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም።

በዓሉ የተከፈተ ሰሞን ወሰድኳቸው። የሜሪላንድ መስከረም ወበቁ ያንቃል። ልጅቱ ጥሩሩን በራሷ በኩል ስታጠልቀው ሹሩባዋ ማጅራቷ ላይ ተያዘና ጮኸች፤ እናቷ እያላቀቀች "ልዕልት ብትሆኚ ምን ነበር" አለች። ሻሽ አሰረችላት። ቀበቶ ሲጠብቅ የክብደቱ ከፊል ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል፤ ቀበቶ ያልታጠቀ ሰው በጥሩር ውስጥ ሁለት ሰዓት አይቆምም። ልጅቱ እስኪመሽ ለበሰችው።

በፈረስ የጦር ግጥሚያ ስናይ ዋልን። ይህ ግጥሚያ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በሕግ የሜሪላንድ ግዛት ስፖርት ነው፤ ብዙ ሰው አያውቅም። አዛውንቱንም ይዘናቸው ሄደን ነበርና ፈረሰኞቹ ተንደርድረው ሲላተሙ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ጉግስ እኮ ነው። ግን እነዚህ በቀጥታ መስመር ብቻ ነው የሚያውቁት፤ የኛ ፈረሰኛ ዞሮ ከኋላ ይደርስባቸዋል" ሲሉ ፈረዱ። እኔም እስማማለሁ።

ከግጥሚያው በኋላ አንድ ጺማም ሰው መጣ። ራሱ የለበሰው ጥሩር በሪቬት የተያያዘ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ለልጅቱ "ክንድሽን አንሺ" አላት፤ የሚያውቅ ሰው ብብት ነው የሚያየው። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ማን እንደሠራው ጠየቃት። "አጎቴ" አለችና በጣቷ ወደ እኔ፣ ቀጥላም ወደ አዛውንቱ፣ ወደ እናቷ አመለከተች። ሰውዬው የሦስታችንንም እጅ ጨበጠ።

የርሱን ጥሩር ቀርቤ አየሁት። የየቀለበቱ ጫፎች ተደራርበው ተጠፍጥፈዋል፤ በተጠፈጠፈው ላይ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ሪቬት። የኔ ጫፍ ለጫፍ የተነካካው ለበዓል ይበቃል፣ ለጦር አይበቃም፤ የጦር ጫፍ ይከፍተዋል። በጥንት ጊዜ ለውጊያ የሚሆነው እንደርሱ ያለው ነበር። ሙያው እጅግ አሮጌ ነው። ዛሬ ሩማኒያ በሚባለው አገር በኬልቶች መቃብር የተገኘ ጥሩር ከክርስቶስ ልደት በፊት ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ ነው፤ ሮማውያንም ከኬልቶች ወስደው ለወታደራቸው አልብሰውታል። በመካከለኛው ዘመን ኑረምበርግ ከተማ ጥሩር ሠሪዎች ሕጋዊ ሙያተኞች ነበሩ። አንዳንዱ ጥሩር በብረቱ መካከል አንድ የነሐስ ቀለበት ይኖረዋል፤ የሠሪው ስም ወይም የከተማው ምልክት ታትሞበታል። ሙዚየም የገባ ሰው የለበሰውን ባያውቅም የሠራውን ያነባል።

በእኛ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ሄንሪ ስምንተኛ እንግሊዝ ውስጥ በነገሠበት በዚያው ዘመን አጼ ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ ይዋጉ ነበር። ዐረብ ፈቂሕ በጻፈው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ውስጥ ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶቫው ዳ ጋማ ኢማሙን ሊወጋ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ይዞ ምጽዋ ወረደ፤ በዓመቱ ተማርኮ ተገደለ። የአዝማቹ፣ የፈረሰኛው፣ አልፎ አልፎ የፈረሱም ስም ተጽፎ ይገኛል። ጦሩን የሳለ፣ ልጓሙን የገጠመ፣ የተበጠሰውን ያደሰ ሰው ስም ግን ፈልጉ ብትሉኝ የት እንደምጀምር አላውቅም። እኔ ይህን ግፍ እለዋለሁ፤ ለስለስ ያለ ቃል አልፈልግለትም።

የነሐስ ቀለበቱን ነገር ለልጅቱ ስነግራት ደስ አላት። ከጌጣጌጥ ዕቃ ሱቅ ጠፍጣፋ የነሐስ ቀለበት ገዝታ፣ ፊደል በእናቷ እየታረመች፣ ስሜን በግዕዝ ፊደል ቀረጸችበት፤ አንገቱ ሥር ገጠምነው። የአዛውንቱም በግራው እጅጌ ላይ አለ። የወለቃውን ሰው ስም ባውቅ ሦስተኛ እጨምር ነበር።

ሰውዬው አሁን ወለቃ የለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል ከወጡት ጋር ይሁን፣ ወይም በ1991 ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ካጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን ጋር፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም። በመንደሯ አሮጌው ምኩራብ አለ፤ መንገድ ዳር ለቱሪስት የሸክላ ምስል ይሸጣል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እስራኤል ያላችሁ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ወለቃ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ከሆነ ስሙን ከነአባቱ ጻፉት፤ ለልጆቻችሁም በዕብራይስጥም ቢሆን ንገሯቸው። በሕይወት ካለ ደግሞ ቀለበት በአንድ ምት እንዴት እንደሚገጠም ጠይቁልኝ።